የነሐሴው ጽዋ

ኡቡድ፣ ባሊ
ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ስሂን
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎ? ጋሼ ይድነቃቸውስ? እኔና ሮሆቦት ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን።

የላኩልኝን ኢሜይል መጀመሪያ ቆሜ፣ ቀጥሎ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አይ፣ አልሸሸሁም። ልጄ ናት "ዳድ፣ ዩ ኒድ ኤ ቬኬሽን" ብላ ቲኬት ቆርጣ ያስደነገጠችኝ። ሙሉዓለም ካረፈች ወዲህ ከቤትና ከኤርፖርት በቀር የትም እንዳልረገጥኩ ያውቃሉ፤ ኤርፖርትም የምሄደው በታክሲዬ ሰው ላደርስ ነው። አሳዘንኳት መሰለኝ። ሳልሰናበትዎ በመሄዴ ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለምን በስልክ እንደማልመልስልዎም ያውቁታል። በስልክ ከሆነ መጀመሪያም እርስዎ ይናገራሉ፣ መጨረሻም እርስዎ ይናገራሉ፤ እኔ መሐል ላይ "እሺ" ብዬ እወጣለሁ። በዚህ ነገር እሺ ማለት ስለማልፈልግ ነው የምጽፈው።

ጽዋውን ተራችንን ዘለው ለሚጣ አይስጡብኝ። የነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ተረኛ ሙሉዓለም ናት። ሐምሌን እርስዎ አውጥተዋል፣ አሁን ጽዋው ከእርስዎ ቤት ተነሥቶ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ እኛ ቤት መምጣት አለበት። የማኅበሩን ደንብም አልረሳሁም፤ ባለተራው በገዛ እጁ የሠራው ካልሆነ፣ ከሬስቶራንት የተገዛ ወይም ሌላ ሰው ሠርቶ ያመጣው አይቀርብም። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ሙሉዓለም አይደለች! ሆስፒታል ተኝታ "ተራዬን እንዳትለቅብኝ" አለችኝ። "አልለቅም" አልኳት። ይህን ስላት እንቁላል እንኳ በወጉ መቀቀል እንደማልችል ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ስለዚህ እማራለሁ። ሮሆቦት ነገ የባሊ ባህላዊ ምግብ አሠራር ክላስ አስመዝግባናለች። የሚሠራው ዶሮ ነው አሉ። ዶሮ ደግሞ የትም አገር ዶሮ ነው።

እንዳይስቁብኝ።

ከፈለ

*

አሌክሳንድሪያ
ነሐሴ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለከፈለ፣

ጉልበቴን ለጠየቅኸኝ፣ ደረጃ ስወጣ ያመኛል፣ ስወርድ ይብስበታል። ይድነቃቸው ደህና ነው፤ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሚገኘው ሶፋው ላይ ነው።

እንዳይስቁ አልኸኝ፤ ሳቅሁ። ዶሮ ወጥ ለመማር እስያ ድረስ የሄደ ሐበሻ አንተ የመጀመሪያው ሳትሆን አትቀርም። ከቤትህ ወጥተህ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያገኘሃትን የመጀመሪያዋን ሴት ብትጠይቅ ታስተምርህ ነበር። እኔስ ምን ይለኛል? ግን አንተ ኩራተኛ ነህ፤ ሰው የማያውቅህ አገር ሄደህ መሳሳት ነው የፈለግኸው። ይገባኛል።

አሁን ቀልዱን እንተወው። ወንድ ስለሆንክ ማኅበር አታወጣም ያለህ የለም። ያልኩህ፣ ያ ሁሉ ሴት፣ ቄሱም ጭምር ቤትህ ተቀምጠው ያረረ ወጥ ሲቀርብ የምትሆነውን አልይ ነው። ሠርተን እናምጣልህ ብንል ደንቡን ትጠቅሳለህ። ደንቡ ለዚህ አንድ ጊዜ ይቅር ብል ሴቶቹ "ሙሉዓለም ያወጣችውን አንነካም" ይሉኛል። እንግዲህ ምን ቀረኝ? ሚጣ ፌርፋክስ ቤቷ ዝግጁ ሆና ትጠብቃለች። ተራው ያልፍና ከዚያ ወዲያ ነገሩ በሰላም ያልቃል። ሙሉዓለምን ከእኔ በላይ የምትወዳት እህት አልነበራትም፤ ስለዚህ ይህን የምልህ በክፋት እንዳይመስልህ።

ስለ ጾሙ የጠየቅሁህን ደግሞ ዘለልከው። ፍልሰታ ገብቷል። እዚያ አገር በየደጃፉ ለጣዖት ምግብ ያስቀምጣሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። የምትቀምሰውን እወቅ።

ስሂን

*

ኡቡድ፣ ባሊ
ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ስሂን፣

ሳቅዎ እዚህ ድረስ ተሰምቷል።

ከጾሙ ልጀምር። አልገደፍኩም፤ የምበላው ነጭ ሩዝና ፍራፍሬ ነው። ስለ ደጃፉ የሰሙት ልክ ነው። ጠዋት ከተሠራው ሩዝ ቆንጠር አድርገው በቅጠል ላይ ያስቀምጣሉ፣ ሰው የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ከዚያ አልነካሁም፣ ብላ ያለኝም የለም።

አሁን ወደ ክላሱ። አስተማሪዋ አንዲት ደልደል ያለች ሴት ትሆናለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሽርጥ የታጠቀ፣ ራሱ ላይ ጨርቅ ያሰረ፣ የእኔ እኩያ የሚሆን ሰው ቢላዋ ይዞ ወጣ። ፓክ ኞማን ይባላል። ፓክ ማለት እንደ እኛ ጋሼ ነው። የምንሠራው ቤቱቱ የሚሉትን ነው፤ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ እኛ በሻይ የምናፈላው ጠጅ ሣር ሳይቀር አንድ ላይ ይወቀጥና ሙሉ ዶሮ ውስጧም ላይዋም በሱ ትታሻለች። ከዚያ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልላ ፍም ውስጥ ትቀበራለች። ፓክ ኞማን ለእያንዳንዳችን ዶሮ ሰጠንና ቅጠል ሊቆርጥ ወደ ጓሮ ሄደ።

እንደሚያውቁት ሙሉዓለም ከወጥ ቤት ሥራ ለእኔ የለቀቀችልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዶሮ መግፈፍና ማጠብ። እሱን አውቃለሁ! ሌሎቹ ተማሪዎች ዶሮዋን እንዳለች ቅመም መቀባት ሲጀምሩ "እነዚህ ፈረንጆች ሳያጥቡ!" ብዬ በሆዴ ታዘብኳቸው። እኔ ቆዳዋን ገፈፍኩ። ሎሚ ለመንኩ፣ ጨው ለመንኩ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግሜ አጠብኩ። ሮሆቦት ፎቶ ስታነሳ ቆይታ ቀና ስትል "ዳድ! ዌር ኢዝ ዘ ስኪን?" ብላ ጮኸች። ፓክ ኞማን ቅጠሉን ተሸክሞ ሲመለስ የእኔ ዶሮ ከመታጠቢያ እንደወጣ ሕፃን ራቁቷን ጋደም ብላለች። ለካ ቆዳው ነው ሥጋው እንዳይደርቅ የሚጠብቀው!

ሰውየው ዶሮዋን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። "ማን ነው እንዲህ ያስተማረህ?" አለኝ።

"ባለቤቴ" አልኩት።

"አብራህ አልመጣችም?"

ነገርኩት። "ግድ የለም፣ ቅጠሉን ቆዳ እናደርግላታለን" አለኝ። ቅመሙን እጥፍ አስጨመረኝ፣ በድርብርብ ቅጠል አብረን ጠቀለልናት።

ከመጠቅለላችን በፊት ግን ጨው ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። ሁሉም ሰው የወቀጠውን ቅመም ይቅመስ ተባለ። የተፈጨ ሽሪምፕ አለበት፤ "ጾም ነኝ" አልኩ። "ታዲያ ጨውን በምን ታውቃለህ?" አለኝ። ሙሉዓለም በጾም ለማይጾሙ እንግዶች ሥጋ ስትሠራ ሳትቀምስ በአፍንጫዋ ብቻ ታውቅ እንደነበር ነገርኩት። እትዬ ስሂን፣ ሰውየው ቢላዋውን አስቀምጦ እጄን ጨበጠኝ። እነሱም ለቤተ መቅደሳቸው ድግስ ሲሠሩ መሥዋዕቱ ሳይቀርብ ማንም አይቀምስም። ያም በአፍንጫ ነው።

ደግሞ የሚሠሩት ወንዶቹ ናቸው! የሰፈሩ ባሎች በሙሉ በጠዋት ቢላዋቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ተደርድረው ቁጭ ብለው ይከትፋሉ፣ ይወቅጣሉ፣ ያሻሉ። ሴቶቹ በዚያ ቀን ሥራቸው ቅጠልና አበባ ነው። "ሴቶቹ ታዲያ ምን ይላሉ?" አልኩት። "ጨው አነሰ ይላሉ" አለኝ።

እኔም በአፍንጫዬ ጨመርኩ። ዶሮዎቹ ከፍም ወጥተው ቅጠሉ ሲፈታ አንዲት የሆላንድ ሴት የራሷን ትታ የእኔን ጨረሰች። እኔ አልቀመስኩም። ፓክ ኞማን ግን ቀምሶ "ባለቤትህ በደንብ አስተምራሃለች" አለኝ። ሰው ፊት አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

እትዬ፣ አሁን የምለምንዎ አይደለም። ጽዋውን ይላኩልኝ።

ከፈለ

*

አሌክሳንድሪያ
ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለከፈለ፣

ደብዳቤህን ለይድነቃቸው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዶሮዋ ራቁቷን የተጋደመችበት ላይ ስደርስ በሳቅ ድምፄ ጠፋ፤ ከሶፋው ተነሥቶ ተቀብሎኝ የቀረውን እሱ ጨረሰው። የወንዶቹን ነገር ደጋግሞ አነበበው። ምን እንደነካው እንጃ።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። ስለ ጽዋው ሚጣን አነጋግሬያታለሁ። "ከፈለ እሠራለሁ ካለ እኔ ምን ቤት ነኝ" አለች፤ ነሐሴ ላንተ፣ መስከረም ለሷ ይሁን ብላለች። ስለዚህ ጽዋውን እልክልሃለሁ። ግን ስማኝ። ማኅበሩ የሚሰበሰበው ጾሙ ከተፈታ በኋላ እሑድ ነሐሴ 19 ነው። የሚቀርበው ዶሮ ወጥ ነው፤ የባሊውን ከፈለግህ ጎን ላይ አድርገው። ከሬስቶራንት ገዝተህ በድስትህ ብትገለብጥ ከመጀመሪያው ጉርሻ አውቃለሁ። ካልሆነልህ ደግሞ ተራው ለዘለዓለም ያልፋል፣ እኔም ከዚያ ወዲያ አላማልድህም። ሴቶቹ የተስማሙት በዚህ ነው።

ይድነቃቸው "ጽዋውን እኔ አደርስለታለሁ" ይላል። ድልድይ ተሻግሮ ሜሪላንድ መንዳት የሚጠላ ሰው! አንተ ስትመለስ ይመጣል።

በሰላም ግባ።

ስሂን

*

ሲልቨር ስፕሪንግ
ነሐሴ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ስሂን፣

ጽዋው በሰላም ገብቷል። ሙሉዓለም ታስቀምጠው የነበረበት መደርደሪያ ላይ ነው፤ ነጭ ጨርቅ አልብሼዋለሁ።

በትናንቱ ኢሜይልዎ ስለ ጋሼ ይድነቃቸው ለጠየቁኝ፣ ምንም አልሆነም። ጽዋውን ሊያደርስ እንደመጣ ጥቂት የሚነሣ ዕቃ ነበረኝ፣ አገዘኝ። ትናንትም ያገዘኝ እሱው ነው። ዛሬም ሊመጣ ይችላል። ቤቴ ብዙ ዕቃ አለው።

በጾሙ ቀን እንዴት እንደምለማመድም ጠይቀውኛል። እሠራለሁ፣ አልቀምስም። የምትቀምሰው ሮሆቦት ናት፤ እሷ እንደሆነ ጾም የሚባል ነገር አልሰማችም፣ ይህንንም እርስዎ ፊት መናገሬን አትወድልኝም። የመጀመሪያውን ድስት ቀምሳ "ኖ" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሽንኩርቱ አልበሰለም ነበር፤ ቸኩዬ በርበሬውን ቀድሜ ከተትኩት። ሁለተኛው አረረ። ሦስተኛውን ስትቀምስ ቆም አለች፤ "ኢት ቴስትስ ላይክ… ኦልሞስት" ብላ ፊቷን አዞረች። የማንን ወጥ እንደሚመስል አልነገረችኝም፣ አልጠየቅኋትምም።

እባክዎ ለጋሼ ይድነቃቸው የሚመቸውን መነጽር ይስጡልኝ፤ ለዕቃው ነው።

ከፈለ

*

አሌክሳንድሪያ
ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለከፈለ፣

አንተ ሰውዬ፣ እኔ ሞኝ እመስልሃለሁ?

ባሌ ማታ ሲገባ ከሸሚዙ እስከ ካልሲው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ዓይኑ ቀልቷል። አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር አለ። "ምን ሆነህ ነው?" ስለው "የከፈለ ሶፋ ወደቀብኝ" ይለኛል። ሶፋ በርበሬ ይቀባል እንዴ? ትናንት ደግሞ ሚጣ ኮል አድርጋልኝ የእሷም ባል ፍሰሐ እንደጠፋባት ነገረችኝ። ያ ማኅበር ባለ ቁጥር እሷን አድርሶ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ላይ ተኝቶ የሚጠብቀው ፍሰሐ! ከፌርፋክስ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ በዚያ ሁሉ ትራፊክ ዕቃ ሊያነሳልህ ይመጣል?

ደንቡን ላስታውስህ። ሌላ ሰው ሠርቶ ያመጣው አይቀርብም።

አልቆጣም፣ ንገረኝ ብቻ።

ስሂን

*

ሲልቨር ስፕሪንግ
ነሐሴ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ስሂን፣

እንኳን ለጾሙ ፍቺ አደረሰዎ።

ይቅርታ፣ የደበቅኩዎ እነሱ ራሳቸው "አደራ" ስላሉኝ ነው። ደንቡን አላፈረስኩም። ማንም ሠርቶ የሚያመጣው የለም፤ የሚሠራው እዚሁ በሙሉዓለም ወጥ ቤት ነው። እጄ ያልገባበት ድስት የለም። በሴቶቹ ጊዜስ ባለተራዋ ስትሠራ ጎረቤት ሽንኩርት አይከትፍላትም ነበር? ደንቡ ጎረቤቱ ቀሚስ ይልበስ አይልም።

ጋሼ ይድነቃቸው ሽንኩርት ላይ ነው። መጀመሪያ ቀን እንደ ድንጋይ ነበር የሚፈልጠው፤ አሁን ቢያዩት አያምኑም። ፍሰሐ አሥራ ሁለቱን ብልት አሳምሮ ያወጣል፤ ለካ ልጅነቱን ከእናቱ ጎን ሆኖ ሲያይ ነው ያደገው፣ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። እኔ አጥባለሁ፣ አቁላላለሁ። ሙሉዓለም እንደምታደርገው ወንበር አስጠግቼ ድስቱ ሥር እቀመጣለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርዎ፣ በኋላ እንዳይወቅሱኝ። ጾሙ ቢፈታም አንቀምስም። ቄሱ ሳይባርኩ ማናችንም ላንቀምስ ተማምለናል። ሮሆቦትንም ከልክለናታል። ፍሰሐ ፈርቷል፣ እኔም ፈርቻለሁ። ጨዉ ከጠፋ በሁላችሁም ፊት ነው የሚጠፋው።

እሑድ ይምጡ። ድስት ይዘው እንዳይመጡ። ያውቁብኛል ብለው በመኪናው ኋላ ደብቀውም እንዳይመጡ።

ከፈለ

*

አሌክሳንድሪያ
ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለከፈለ፣

ዛሬ እኔ ነኝ በስልክ ያልደወልኩት። ብደውል እንደማለቅስ ስለማውቅ ነው፤ አንተ ደግሞ ሴት ስታለቅስ ስልኩን ለሮሆቦት ትሰጣለህ።

ድስት ይዤ መጥቼ ነበር። መኪናው ኋላ ነበር፤ ሚጣም ይዛ ነበር። ማናችንም አላወረድነውም።

እንደገባሁ ሦስታችሁ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተደርድራችሁ ፊታችሁ ላብ በላብ ሆኖ ሳያችሁ መሳቅ ነው የፈለግሁት። የእኔው ሰውዬ ሽርጥ ታጥቋል፤ ሽርጥ ያለው መሆኑንም አላውቅም ነበር። ቄሱ ባርከው ሲጨርሱ እንጀራው ላይ አወጣህልኝ። ሁሉም ሰው እኔን እያየ ነው። ሚጣ እንኳ እጇን ሰብስባ እኔን ትጠብቃለች። በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ ፈርቼ የጎረስኩት ምግብ የለም።

አሁን እውነቱን ልንገርህ። የሙሉዓለም ወጥ አይደለም። እንዳትኮራ። የእሷ እጅ ከእሷ ጋር ሄዷል። ያንተ ግን ዶሮ ወጥ ነው፣ ከፈለ! ጨዉ ልክ ነው፣ ሽንኩርቱ ቀልጧል፣ ዶሮዋ ንጹህ ናት። ደግሜ ነው የወሰድኩት፤ አይተሃል። እልልታውን ያስነሳሁት እኔ ነኝ፣ ጉልበቴን ረስቼ ተነሥቼ። ያን በቅጠል የተጠቀለለውን ደግሞ ቄሱ "ይህ ምንድን ነው?" እያሉ ብቻቸውን ሊጨርሱት ነበር። ሚጣ ፍሰሐን "ይህን ሁሉ ስትችል መኪና ውስጥ ትተኛልኝ ነበር?" ብላ በሰው ፊት አፋጠጠችው፤ እሱም እንደ ሙሽራ ፈገግ አለ። አንድ ነቀፋ አለኝ። ሳህን እንጠብ ስንል ሦስታችሁም ጠፋችሁ። ይህ የሚታረም ነው።

ትናንት ስትሸኘኝ ለምን ተራውን ላሳልፍብህ እንደነበር ጠየቅኸኝ፣ አልመለስኩልህም። የፈራሁት ያረረ ወጥ አይደለም። ሙሉዓለም የሌለችበት ያ ቤት እንዴት ይገባል? በሯን ሌላ ሰው ሲከፍትልኝ እንዴት እችላለሁ? ፌርፋክስ ቢሆን ይቀለኛል ብዬ ነው። ትናንት ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ በላሁ፣ ሳቅሁ። ቤቷ ሞልቶ ነበር። ወጥ ቤቷ ይጮህ ነበር። እሷ ብትኖር ሁላችሁንም ከድስቱ አጠገብ አባርራ ታስወጣችሁ ነበር፣ ደስ ብሏት ግን ነው የምታባርራችሁ። አንተ እኮ ተራዋን ብቻ አይደለም ያልለቀቅኸው። እኔንም መልሰህ ቤቷ አስገባኸኝ። እግዚአብሔር ይስጥህ።

ሳህን ስናጥብ ባለመገኘታችሁ ያልሰማችሁት ውሳኔ አለ። ቄሱ ከመነሣታቸው በፊት ማኅበርተኛው በሙሉ ተነጋገረ። የነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ተረኛ ከእንግዲህ አንተ ነህ፤ ስለ ሙሉዓለም ሳይሆን በራስህ ስም፣ ማኅበርተኛ ሆነህ። የተቃወመ የለም። የመጀመሪያዋን እጅ ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስሂን